ናፍጣ የማይሸት ጋራዥ

የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ የመኪና ፋብሪካ የላትም። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም የላቸውም። የመኪና ኢንዱስትሪ ግን አላቸው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ የተከተለ ሰው በየከተማው መግቢያና መውጫ ያገኘዋል፦ የጎማ ክምር ከደጁ ያቆመ ጎሚስታ፣ የተሰበረ ባልስትራ የሚያስተካክል በያጅ፣ አይሱዙ ሥር ተንጋሎ ካምቢዮ የሚያወርድ መካኒክ፣ ቁልፍ እያቀበለ ሙያ የሚለምድ ልጅ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ። ባጃጅ ነጂውን፣ የሚኒባስ ረዳቱን፣ መኪና አጣቢውን፣ ቤንዚን በሃይላንድ ቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ስንጨምርበት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ከመኪና እንጀራ የሚበላው ሰው ብዙ ነው።

ይህን የማስቀድመው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ፋብሪካ ስለሆነ ነው። በስቱትጋርት፣ በዲትሮይትና በቱሪን ጭንቀቱ ሞተርና ካምቢዮ የሚሠሩ ሠራተኞች ምን ይሆናሉ የሚል ነው። ጭንቀቱም መሠረት አለው፤ ፎልክስዋገን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በደረሰበት ስምምነት በጀርመን ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታዎችን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለመቀነስ ወስኗል። እኛ ዘንድ ግን መኪና ተወልዶ የሚመጣው ከሌላ አገር ነው፤ ረጅሙን ዕድሜውን የሚኖረው እዚህ ነው። ጃፓን ውስጥ ከተረሳ ብዙ ዘመን ያለፈው ቶዮታ ዲኤክስ እኛ ጋ ታክሲ ሆኖ ልጅ አሳድጓል። ጣሊያን የሠራው ኤንትሬ የጭነት መኪና የአገሩን ገደል ሲወጣና ሲወርድ ሁለት ትውልድ ሹፌር ጡረታ አውጥቷል። ያን ዕድሜ የሰጣቸው መካኒኩ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ የመኪና ኢንዱስትሪ ምንድን ነው ለሚለኝ መልሴ ጥገና ነው። ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገው ሽግግር መመዘን ያለበትም በዚያ በኩል ነው።

ሽግግሩ እኛን ያገኘን ከብዙዎች ቀድሞ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ መሰል እርምጃ መጀመሪያ የቀጠረው 2035 እ.ኤ.አ.ን ነው። ኖርዌይ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ የሆኑላት ሳትከለክል፣ በቀረጥና በልዩ መብት እያባበለች ነው። ኢትዮጵያ በአንድ ውሳኔ በሩን ዘጋች፤ እንዲህ ያደረገ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም።

ምክንያቱ ከአየር ንብረት ይልቅ ዶላር ነው። አገሪቱ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች፤ በአንጻሩ ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከራሷ ውኃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በግዢ ጅቡቲ ወርዶ በቦቴ የሚመጣውን ፈሳሽ በገዛ ወንዝ መተካት ለማንኛውም የገንዘብ ሚኒስትር የሚያጓጓ ነገር ነው። ለጋይንትና ለእስቴ ሰው ደግሞ ይህ ወንዝ ሩቅ አይደለም። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ገብተው ዓባይን ይቀላቀላሉ፤ የስማዳን ጫፍ የሚያዋስነው በሽሎም መድረሻው ዓባይ ነው። ተርባይኑን የሚያዞረው ውኃ ከዚህ ይነሳል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ለሚያህለው ገና አልደረሰም፤ ከዋናው መንገድ ራቅ ባሉት ቀበሌዎች ማታ የሚበራው የሶላር ኩራዝ ነው።

የቀረጡ ሥርዓት ከክልከላው ቀደም ብሎ ተስተካክሎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ፤ ጉምሩኩም ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ ተባለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አስመጪው ብሎን እያጠበቀም ቢሆን ወደ አምራችነት ይጠጋ ነው።

መገጣጠም ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ታሪኩም ያስጠነቅቃል። አምቼ የተባለው ኩባንያ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጣሊያን የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። ሆላንድ ካር ዓባይ የሚል ስም የሰጠውን መኪና ከቻይና ሊፋን ክፍሎች አቁሞ በአገሩ ስም የሚጠራ አውቶሞቢል አሳየን፤ ብዙ ሳይቆይ ከስሮ ተዘጋ። መስፍን ኢንዱስትሪያል መቀሌ ላይ ፔዦን፣ ሊፋን ዱከም ላይ የራሱን መኪኖች፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተርስ ሃዩንዳይን ገጣጥመዋል። ማራቶን በሐምሌ 2012 ዓ.ም. አዮኒክ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ ሲያወጣ ክልከላው ገና አልታሰበም ነበር። በአማራ ክልልም የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪክ አውቶቡስና ሚኒባስ ወደ መገጣጠም ገብቷል። የእነዚህ ሁሉ የጋራ ደካማ ጎን የውጭ ምንዛሪ ነው። ክፍሉ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ዶላር ሲጠፋ መስመሩ ይቆማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ማግኘት ቢሻልም የሚከፈልበት ብር እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኗል። በመገጣጠሚያ ብቻ ተስፋ የማልጥለው ለዚህ ነው። አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከሥራ ይወጣል፤ ጥገና የማይችል አገር ግን የገዛውን መኪና ሁሉ ያጣል።

አሁን መኪናውን ራሱን ወደ ተራራው እናውጣው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከደጋ ሰው ዘወትር የሚሰማው ጥያቄ ይህን ዳገት ይችለዋል ወይ የሚል ነው፤ መልሱም ብዙዎች ከሚጠብቁት በተቃራኒ ነው።

የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ ሲሊንደሩ በአንድ ምገት የሚያስገባው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጭነት የያዘ አሮጌ አይሱዙ ከጋሳይ ወደ ክምር ድንጋይ ሲወጣ የሚተፋው ጥቁር ጭስ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ፖምፓው ናፍጣውን እንደ ቆላው ይረጫል፣ ሁሉንም የሚያቃጥል አየር ግን የለም፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ወረታ ሜዳ ላይ የነበረው ጉልበት ጉና ሥርም ያው ነው፤ ያውም ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱ እጁ ላይ ነው፣ ፍሪሲዮን እያቃጠሉ መነሳት የለም።

ሂሳቡን እንሥራው። ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታው ልዩነት ወደ 1,300 ሜትር ነው። ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። ሜዳ ላይ ለ120 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው 18 ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 25፣ የመንገዱን መውጣትና መውረድ ጨምረን 28 እንበል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና ንፋስ መውጫ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ይቀረዋል።

መመለሻው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ናፍጣ መኪና ያን ሁሉ ዳገት ሲወርድ የተሸከመውን ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ ወደ ሙቀት ለውጦ ይጥለዋል፤ የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የሚሸተው የተቃጠለ ሸራ ሽታ የባከነ ነዳጅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ቁልቁለት ላይ ዲናሞ ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ለመውጣት ከፈጀው ጉልበት ከግማሽ በላዩን መልሶ ያገኛል። የጨጨሆን ቁልቁለት ለሚወርድ ሹፌር ትርጉሙ ከቁጠባም በላይ ነው፤ ፍሬን ግሎ እምቢ የሚልበት አደጋ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን ሹፌሩ ማወቅ አለበት። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰው ጉልበት ማረፊያ ስለሚያጣ መኪናው በሸራው ብቻ ይያዛል። ከደጋ ከተማ ተነስቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው 85 በመቶ ላይ ከቻርጀር ቢነቅል ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላይ ማንም የማይነግረው፣ ጋይንት ላይ ግን ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ጋር ሊሰጥ የሚገባው ምክር ነው።

ከፍታው ያመጣው ችግርም አለ። ስስ አየር እንደ ልብ አያቀዘቅዝም፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታንም እንደ ወፍራሙ አይከላከልም። ብዙ ቻርጀሮችና ኢንቨርተሮች የሚሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበታቸው ተቀንሶ መሥራት አለባቸው። ለሻንጋይ ወይም ለሼንዘን የተሠራ ፈጣን ቻርጀር ንፋስ መውጫ ላይ የሚተከል ከሆነ ገዢው ይህን ከውሉ በፊት መጠየቅ አለበት። የኅዳር ውርጭም ባትሪን ያሰንፋል፤ የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ቶሎ አይሞላም፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቢሞሉት ውስጡ ይጎዳል። ባትሪውን የሚያሞቅ ሥርዓት ያላቸው መኪኖች ይህን ራሳቸው ይከላከላሉ፤ ርካሾቹ ባለ ሦስት እግሮች ግን ብዙ ጊዜ የላቸውም። ቤት ውስጥ ማሳደር ነው መፍትሔው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመኪናው ሆድ ነው። ባትሪው የሚተኛው ከወለሉ ሥር፣ መሬት አጠገብ ነው። ለቻይና አስፋልት የተሠራ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ወደ ውስጥ ቀበሌዎች የሚወስደውን አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ሲገባ የሚገጨው ድንጋይ ካርተር አይሰብርም፤ የመኪናውን ውድ ክፍል ነው የሚያገኘው። የተሰበረ ካርተር ንፋስ መውጫ ላይ ይበየዳል። የተቀጠቀጠ ባትሪ ዛሬ የሚበየድበት ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ወደ ጋራዡ እንግባ። የቤንዚንና የናፍጣ መኪናን ወደ መካኒክ የሚወስደው ነገር ምንድን ነው? ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት፣ ፋሻ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ራዲያተር፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ። የኤሌክትሪክ መኪና ከእነዚህ ከሞላ ጎደል አንዱንም አይዝም፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ራዲያተርና ቀላል ማርሽ ይኖረዋል፣ በዚያ ያበቃል። ሞተር አውርዶ ማደስ የአንድ ጋራዥ ትልቁ ገቢና የአንድ መካኒክ ትልቁ ማዕረግ ነው፤ የሚጠፋውም እሱ ነው። ጎሚስታው ሥራ አያጣም፤ እንዲያውም የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ክብደት የተነሳ ጎማ ቶሎ ይበላል። ኩሺኔታ፣ ባልስትራ፣ መሪ፣ ላሜራ የሚሠሩትም ይቀጥላሉ። የፍሬን ሸራ ነጋዴው ገበያ ይቀንስበታል።

አዲስ የሚመጣው ሥራ ኤሌክትሪክ ነው፤ ችግሩ አደገኛ መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚነካው 12 እና 24 ቮልት ነበር፤ ሽቦ በእጁ ይዞ፣ በብልጭታ እየሞከረ ሲሠራ ኖሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና መስመር ከ300 እስከ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ፣ ያውም ቀጥተኛ ጅረት ነው። በብልጭታ ልሞክር ያለ ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ሁሉ የዚህ መስመር ናቸው። የሚነካቸው ሰው የጎማ ጓንት ማድረግ፣ ዋናውን መነጠያ መንቀል፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪፈስ መጠበቅ፣ መለኪያ አስገብቶ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። አራቱም ቀላል ነገሮች ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ይለመዳሉ። ሳይለመዱ መኪናው ቀድሞ ከደረሰ ግን የሚሞቱት ቁልፍ አቀባይ ልጆች ናቸው። ይህን አጋንኜ የጻፍኩት አይደለም።

ሌላው እንቅፋት ሶፍትዌር ነው። አዲስ አበባን የሞሉት ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ በየመንገዱ የሚታየው ፎልክስዋገን አይዲ 6 አንዱ ነው። ፋብሪካው ለእኛ ብሎ ስላልላከው ዋስትና የለውም፣ ስክሪኑ የሚናገረው ቻይንኛ ነው፣ ጉድለቱን የሚያነበው ኮምፒውተር ፈቃድ ይጠይቃል። የድሮው መካኒክ ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ ሕመሙን ይለይ ነበር፤ ለአዲሱ መኪና ያ ጆሮ አይበቃውም፤ ዝም ብሎ የቆመ መኪና ከነምሥጢሩ ይቆማል።

ይህ አካባቢ ሙያ ከሰው ጋር መጥቶ ከሰው ጋር ሲሄድ ከዚህ በፊት አይቷል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል፤ የአገሩ ወጣቶችም ሥራ እንዲማሩ አድርገዋል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስቆፈሩ በጋይንት በኩል መቅደላ አደረሱት። ከንጉሡ ሞት በኋላ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ጋፋት ከሰመ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ጎብኝተው በተገኘው ብድር ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ ወልዲያ 300 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ በደርግ ዘመን ቀደዱት። መንገዱ ቀረ፤ ትልቅ ውለታ ነው። መንገድ የመቅደድ ሙያ ግን ምን ያህሉ ለጋይንት ወጣት ተረፈ? አሁን ሦስተኛው ዙር መጥቷል። ባትሪ የሚፈታው፣ ሴል የሚለየው፣ ኢንቨርተር የሚያክመው ሰው የአገሩ ልጅ ካልሆነ መኪናው ሲቆም ሁሉ ነገር አብሮ ይቆማል።

ሽግግሩ በዚህ አካባቢ የሚጀምረው ደግሞ ከባጃጅ ይመስለኛል፤ ከቪላ ደጅ ከሚቆመው አውቶሞቢል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የቤንዚን የማደያ ዋጋ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ በወረዳ ከተማ በሃይላንድ የሚሸጠው ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ባጃጅ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ሄዳ 3 ሊትር ብትጠጣ በዚያ የማደያ ዋጋ እንኳ ከ300 ብር በላይ ነው። የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ለዚያ መንገድ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል፤ አንዱን 6 ብር ብለን ብንይዘው 48 ብር። ልዩ ጣቢያ አያስፈልጋትም፤ ማታ ግቢ ገብታ ከተራ ሶኬት ስትጎርስ ታድራለች። ማደያ ፊት ለፊት ተሰልፎ የሚያልፈው ግማሽ ቀንም ለነጂው ይተርፋል።

ብቻ ሶኬቱ ውስጥ መብራት ሊኖር ይገባል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገብቶ ሕዝቡ የደረሰበትን ግፍ ያየ ሰው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የቀጠለውን ግጭት የሚኖር ሰው፣ አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ወይም አንድ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ ቦቴ ስለማይመጣ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ታሸንፋለች። መስመር ሲቆረጥ ግን በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ያሸንፋል። አምቡላንሱን፣ የወፍጮ ቤቱን ሞተርና የድንች ጫኙን አይሱዙ ቶሎ ወደ ኤሌክትሪክ አዙሩ የሚል ሰው ይህን ቀድሞ መመለስ አለበት። እኔ ባጃጁና ሚኒባሱ ይቅደሙ፣ የከተሞቹ ማከፋፈያ ይጠናከር፣ ከባዱ መኪና ይቆይ ባይ ነኝ።

ለጥገናው የሚያስፈልገው ሩቅ አይደለም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም ሰይሞታል፤ ወረዳዎቹም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሏቸው። አንድ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ጓንቶች፣ መለኪያና ጉድለት አንባቢ ኮምፒውተር ቢገቡላቸው የዛሬዎቹን የጋራዥ ባለቤቶች፣ ሥራቸውን ሳይዘጉ፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት እየተቀበሉ ማሠልጠን ይችላሉ። መጀመር ያለበትም ከእነሱ ነው፤ ዲግሪ ይዞ ከሚመጣው ይልቅ ሃያ ዓመት መኪና ሥር የተኛው ሰው ሻሲውን፣ መንገዱንና ደንበኛውን ያውቃል። አቅሙ 70 በመቶ ላይ ወርዶ ለመንገድ የማይበቃ ባትሪም ለሌላ ሥራ ይበቃል፤ ሴሎቹን ለይቶ ማሰር የሚችል ልጅ ከሶላር ጋር አገናኝቶ መስመር ላልደረሰው ቤት የማታ መብራትና የስልክ ቻርጅ ያደርገዋል። በአጉል እጅ ከተፈታ ግን ቤት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ይህም በሥልጠናው ውስጥ መግባት አለበት።

የቀረው በመንግሥት እጅ ያለ ነው። የቤንዚን አውቶሞቢል አይግባ ብሎ መወሰን የቻለ መንግሥት፣ የጥገና መመሪያውንና የጉድለት ማንበቢያ ፈቃዱን ያላስረከበ አስመጪ የኤሌክትሪክ መኪና አያስገባ ብሎም መወሰን ይችላል። ሰነዱ በአማርኛ ተተርጉሞ ለማሠልጠኛዎቹ ይድረስ፤ ለዋና ዋና ክፍሎችም መለዋወጫ በክልል ከተሞች መኖሩ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። በጉምሩክ ደጃፍ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ መኪናው ገብቶ ከተበተነ በኋላ የሚጠይቀውም የሚመልሰውም አይገኝም። መንግሥት እንደሚናገረው ከ100,000 በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ገብተዋል፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ሲያረጁ በቅናሽ ተሸጠው እንደ ቀደሙት ዲኤክሶች ወደ ክፍለ አገር ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች፣ ብዙዎቹ እዚህ ዋስትና ባይኖራቸውም፣ ፋብሪካዎች በተለምዶ ዋስትና የሚሰጡበትን ስምንት ዓመት የሚጨርሱትም በ2022 እና በ2024 ዓ.ም. መካከል ነው፤ ማሠልጠኛዎቹ ለመዘጋጀት ያላቸው ጊዜ ያ ነው።